ካዝናው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም



ከዚህ በታች ያለውን አሳቤን ለአንባቢያን በተመደበው ዓምድ ታወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት ያለበት ስለሆነ የመንግሥት ሠራተኞች የሆንን ሁሉ ብናስብበት መልካም ነው። ይኸውም ሽጉጥ ጥይት በሚሞላበትና ጥይቱ በሚወጣበት ጊዜ ስለሚደረገው አያያዝ ነው።

ስለ ሽጉጥ መጻፍ የወታደር ወይም የፖሊስ ፋንታ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር መምህር ነኝ፤ መሣሪያም የለኝም። ይሁን እንጂ ሽጉጥ የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ አይደለም። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ልጆች፣ በአንድ ኮሪደር የሚሠሩ ጸሐፊዎች፣ በአንድ በር የሚገቡ ባለጉዳዮች ሁሉ የጥይቱ ጎረቤቶች ናቸው። ጎረቤት ደግሞ የመናገር መብት አለው። ስለዚህ የመሣሪያውን አሠራር ከመጻሕፍት አንብቤ፣ የጎደለኝንም በጦር ሠራዊት ውስጥ መሣሪያ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ጡረተኛ ጠይቄ የተረዳሁትን እነሆ አቀርባለሁ።

በከተማችን የሚገኘው ሽጉጥ ዓይነቱ ብዙ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዞ የነበረው የኢጣሊያ ጦር መኰንኖች ከታጠቋቸው አንዱ ቤሬታ ነበር። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት በመጣው የጦር ዕርዳታ ደግሞ ማካሮቭ የታወቀ ሆነ። በቅርብ ዓመታትም ፖሊስ በኮንትሮባንድ ሲገቡ ከያዛቸው መሣሪያዎች መካከል የቱርክ ሥሪት ሽጉጦች በተደጋጋሚ ተገኝተዋል። መንግሥትም በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አውጥቶ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ከልክሏል። ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ፈቃድ ሰውየውን ሕጋዊ ያደርገዋል እንጂ እጁን አያስተምረውም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለቄስ ብቻ አይደለም፤ ለታጣቂም ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በተለምዶ አውቶማቲክ የምንለው፣ ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርሰው ሽጉጥ፣ ጥይት የሚያድርበት ሁለት ቤት አለው። አንደኛው ቤት በእጀታው ውስጥ የሚገባው ካዝና ነው። በካዝናው ታች ሞላ አለ፤ ሞላው ጥይቶቹን ሁልጊዜ ወደ ላይ ይገፋል። ሁለተኛው ቤት ከአፈሙዙ በስተኋላ በኩል፣ በቱቦው መጨረሻ ያለው መጉረሻ ነው። እርሱ የሚይዘው አንዲት ጥይት ብቻ ነው። ምላጭ ሲሳብ የምትተኮሰው በካዝናው ያለችው ጥይት አይደለችም፤ የጎረሰችው ናት።

እነዚህን ሁለት ቤቶች የሚያገናኘው በሽጉጡ አናት ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው ብረት ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ማቀባበያ እለዋለሁ። ማቀባበያው ወደ ኋላ ሲሳብ መንጠቆው በመጉረሻው ያገኘውን ጥይት ወይም ቀለሃ ጎትቶ በጎን ባለው መስኮት ይወረውረዋል። በራሱ ሞላ ተገፍቶ ወደ ፊት ሲመለስ ደግሞ ከካዝናው አናት አንዲት ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። በአጭሩ ሲሄድ ያወጣል፤ ሲመጣ ያገባል። ይህን አሠራር ከሁሉ ይልቅ ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1855 በዩታ ተወልዶ በ1926 በቤልጅየም፣ በሊዬዥ ከተማ የሞተው አሜሪካዊው ጆን ሞዘስ ብራውኒንግ ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 የተቀበለው፣ በካዝናው 7 ጥይት የሚይዘው ኮልት የእርሱ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ ሽጉጦች፣ ስማቸውና አገራቸው ቢለያይም፣ የሁለት ቤት ነገራቸው አንድ ነው።

እንግዲህ ስሕተቱ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ካዝናውን ከእጀታው መዝዞ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ሽጉጡን ባዶ ያደረገ ይመስለዋል። ማካሮቭን ለምሳሌ ብንወስድ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። ባለቤቱ አንዷን አጉርሶ ካዝናውን እንደገና ከሞላው በሽጉጡ ውስጥ 9 ጥይት አለ ማለት ነው። ካዝናውን አውጥቶ 8 ጥይት የቆጠረ ሰው ሒሳቡ የሞላለት መስሎት ደስ ይለዋል፤ ዘጠነኛዋ ግን በመጉረሻው ውስጥ ተቀምጣለች። ማካሮቭ ካዝናው ባይኖርም ይተኩሳል። ኮልትም፣ ቶካሬቭም፣ አሮጌው ቤሬታም እንዲሁ ናቸው።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ጥንቃቄ ይመስላል። ሰውየው ካዝናው ሳይወጣ ማቀባበያውን አስቀድሞ ይስባል። የጎረሰችው ጥይት ዘልላ ትወድቃለች። እርሱም በዓይኑ ስላያት ልቡ ያርፋል። ነገር ግን ማቀባበያው ሲመለስ ከካዝናው ሌላ ጥይት አጉርሷል። ከዚያ በኋላ ካዝናውን ሲያወጣው 7 ጥይት ይዞ ይወጣል፤ አንዷ ግን ከውስጥ ቀርታለች። ሥራው ሁሉ ተሠርቷል፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ተገልብጧል። ሽጉጡም እንደ ጎረሰ ነው።

ይህን የምለው በወሬ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ አንዱ ለብዙ ሳምንታት ከትምህርት ቤት ቀርቶ ሲመለስ ግራ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። ዛሬም ሁለት ጣቶቹ አይታጠፉም። አባቱ ሥራውን አክባሪና ጠንቃቃ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ፈቃድም ነበራቸው። ሊያነጋግሩኝ በመጡ ጊዜ ደጋግመው ያሉኝ ቃል ይህ ብቻ ነው፦ «መምህር፣ ካዝናውን እኮ አውጥቼ ነበር።» ልጁ ባዶ ነው ተብሎ ከመሳቢያ የተቀመጠውን ሽጉጥ አንሥቶ፣ አፈሙዙን በግራ እጁ ይዞ፣ ምላጩን በቀኙ ሞከረ። አባትየው ግዴለሽ ሰው አልነበሩም። ያላወቁት አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም ሁለተኛው ቤት ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የምላጭ ወለምታም እንዲሁ ነው።

ትክክለኛው ሥርዓት ግን ለመማር ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። በመጀመሪያ አመልካች ጣት ከምላጩ ውጭ፣ በሽጉጡ ጎን ላይ ተዘርግታ ትቀመጥ። አፈሙዙም ጥይት ቢወጣ ማንንም ወደማይጎዳበት አቅጣጫ ይዙር። ሁለተኛ፣ ካዝናው ይውጣና ከእጅ ይራቅ። ሦስተኛ፣ ማቀባበያው እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሳብ፤ የጎረሰችውም ጥይት ትውጣ። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገም። አራተኛ፣ ማቀባበያው ከኋላ እንደተያዘ መጉረሻው በዓይን ይታይ፤ ብርሃን ከሌለም በትንሿ ጣት ይዳሰስ። አምስተኛ፣ ካዝናው የሚገባበት የእጀታው ጉድጓድ ይታይ። ካዝና፣ ማቀባበያ፣ ዓይን፣ ጣት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መገልበጥ የለበትም።

በዚህ ጊዜ የሚወጣውን ጥይት በመዳፍ ለመቀበል መስኮቱን መሸፈን አደጋ አለው። ጥይቷ በውስጥ ተጣምማ ቂጧ ከብረት ጋር ቢጋጭ በእጅ ውስጥ ልትፈነዳ ትችላለች። ትውደቅ፤ ጥይት ከወለል ይለቀማል፤ ጣት ግን አይለቀምም።

መቆለፊያ አለው፣ ምን ያሠጋል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ነገሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። በማካሮቭ ላይ መቆለፊያው ወደ ላይ ሲገፋ ይዘጋል፤ ተዘግቶ ሳለም ማቀባበያው አይንቀሳቀስም። በኮልትም ላይ መምቻው ተነሥቶ መቆለፊያው ሲዘጋ ማቀባበያው አብሮ ይታሰራል። እንግዲህ እነዚህን ሽጉጦች ባዶ ለማድረግ መቆለፊያውን መክፈት ግዴታ ነው። ቶካሬቭ ደግሞ በመጀመሪያው ሥራው የእጅ መቆለፊያ የለውም፤ መምቻው በግማሽ መንገድ የሚቆምበት ጥርስ ብቻ አለው። ሽጉጡ ከሁሉ ይልቅ በሚነካካበት፣ ሰውም በአጠገቡ በቆመበት ሰዓት መቆለፊያው ክፍት ነው ማለት ነው። በዚያች ደቂቃ ያለው እውነተኛ መቆለፊያ የአፈሙዙ አቅጣጫና ከምላጩ የራቀችው ጣት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራ ላይ የዋለው ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ካዝናው ሲወጣ እንዳይተኩስ ተደርጎ ተሠርቷል። ዋልተር ፒፒ የተባለው የጀርመን ሽጉጥም ጥይት ሲጎርስ ከኋላው ብቅ የምትል ትንሽ ምልክት አለችው። እነዚህ መልካም ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን በአንዱ ሽጉጥ የለመደ እጅ ሌላውን ሲይዝ ልማዱን ይዞ ይሄዳልና፣ በሃይ ፓወር የተማረ ሰው ማካሮቭን ባዶ ነው ብሎ ሊያምን ይችላል። ስለዚህ ልማድ መሠራት ያለበት በብልሃቱ ላይ ሳይሆን በሥርዓቱ ላይ ነው። ለብዙ አገር ተኳሾች የጥንቃቄ ሕግ ያስተማሩት አሜሪካዊው መኰንን ጄፍ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1976 በአሪዞና ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩት፣ ማናቸውም መሣሪያ ሁልጊዜ እንደ ጎረሰ መቆጠር እንዳለበት ነው። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ አክብሮት ነው።

ስለ ማውጣት ይህን ካልሁ ስለ መሙላትም ጥቂት መናገር ይገባኛል፤ ምክንያቱም በደንብ ያልተሞላ ካዝና ጥይት ያጣብቃል፤ የተጣበቀ ጥይት ለማላቀቅ በሚደረግ መደነጋገርም ብዙ ሰው ይጎዳል። ጥይት በካዝናው ከንፈር ሥር የሚገባው በአውራ ጣት ወደ ታች ተጭኖ ወደ ኋላ በመግፋት ነው። የጥይቱ ሹል ወደ ፊት፣ የቀለሃው ቂጥ እስከ ካዝናው ጀርባ ድረስ መድረስ አለበት። ከተሞላ በኋላ የካዝናውን ጀርባ በመዳፍ ላይ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ጥይቶቹን ያስተካክላቸዋል። ከንፈሩ የተጣመመ ወይም ሞላው የደከመ ካዝና በመዶሻ ተጠግኖ ሳይሆን ተለውጦ ነው መሠራት ያለበት። ካዝናው ወደ እጀታው ሲገባም ቀጭ ብሎ እስኪይዝ ድረስ በመዳፍ ተገፍቶ ይግባ፤ ያልያዘ ካዝና ወይ ይወድቃል፣ ወይ ጥይቱን አያቀብልም።

ማቀባበያውም ሲሳብ እስከ መጨረሻው ተስቦ በአንድ ጊዜ መለቀቅ አለበት። ብዙ ሰው ድምፁን ፈርቶ፣ ወይም ለብረቱ አዝኖ፣ በእጁ እየሸኘ ቀስ አድርጎ ይመልሰዋል። ይህ ደግነት ጉዳት አለው። ሞላው ሙሉ ኃይሉን ካላገኘ ጥይቷ በሙሉ አትገባም፤ ማቀባበያውም ሳይዘጋ መንገድ ላይ ይቀራል። ከዚያ ሰውየው ሽጉጡን ወደ ደረቱ አዙሮ ይመረምራል፤ ጣቱም ሳያውቀው ምላጩን ይነካል። አንዲቱንም ጥይት ማታ ማታ እያወጡ ጠዋት ጠዋት እንደገና ማጉረስ ጥሩ አይደለም። ሹሉ በተመታ ቁጥር ወደ ቀለሃው ውስጥ ሊሰምጥ ይችላልና፣ በተኩስ ጊዜ የባሩዱ ግፊት ከሚገባው በላይ ይሆናል።

አሁን ደግሞ እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን በቀጥታ ወደሚነካው ጉዳይ ልምጣ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች በር ላይ የታጠቀ ባለጉዳይ መሣሪያውን ለጥበቃው አስረክቦ ይገባል። ደንቡ ተገቢ ነው። በቅርቡ ለአንድ ጉዳይ በሄድሁበት መሥሪያ ቤት ያየሁት ግን አሳስቦኛል። ባለጉዳዩ ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ አቀበለ። ጥበቃው ተቀብሎ ካዝናውን መዘዘና ሁለቱን በአንድ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠ። መጉረሻውን ያየ ሰው አልነበረም። አፈሙዙም ከበሩ ውጭ ወረፋ ወደያዝነው ሰዎች ዞሮ ነበር። በወረፋው ውስጥ ልጅ ያዘለች እናት ነበረች። ጥበቃውን አልወቅስም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል። ያልታዘዘው ነገር ነው የጎደለው።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በልዩ ልዩ አገሮች የጦር ሠፈሮች በር ላይ አሸዋ የተሞላ በርሜል በአግድም ተጋድሞ ይቆማል። መሣሪያውን የሚያወጣ ሰው አፈሙዙን ወደ አሸዋው አዙሮ ባዶ ያደርገዋል፤ በስሕተት ቢተኮስም ጥይቱ በአሸዋው ውስጥ ይቀራል። አሮጌ በርሜልና ጥቂት አካፋ አሸዋ የትኛውም መሥሪያ ቤት አያጣም። የኮንክሪት ወለል ወይም የድንጋይ ግድግዳ ግን በአሸዋ ፈንታ ሊሆን አይችልም፤ ጥይቱን አንጥሮ ይመልሰዋልና። በበርሜሉ አጠገብ ከላይ የጻፍሁት ቅደም ተከተል በትልቅ ፊደል ተጽፎ ይለጠፍ። ሽጉጡን የሚያወጣው የሚያውቀው ባለቤቱ ይሁን፤ ጥበቃው ቆሞ ይመልከት፤ በመጨረሻም ሁለቱም መጉረሻውን አይተው ይረካከቡ። አንዱ ሲዘነጋ ሌላው ያያል።

ደግሞም ፈቃድ ሲሰጥና ሲታደስ ባለቤቱ ባሩድ በሌለው የመለማመጃ ጥይት ሞልቶና አውጥቶ ያሳይ። ይህ በሚሠራበት ቦታ ይበርታ፤ በማይሠራበት ይጀመር። መኪና የሚነዳ ሰው መሪ ይዞ ሳይፈተን መንጃ ፈቃድ አይሰጠውም፤ ሽጉጥ ከመኪና ያነሰ አደጋ የለውም።

ምናልባት አንዳንድ ሰዎች፣ እንዲህ ያለውን ነገር በጋዜጣ ማስተማር ሕዝቡን መሣሪያ እንዲወድ ማድረግ ነው ይሉ ይሆናል። አሳባቸውን አከብራለሁ፤ እኔም ራሴ በከተማ ውስጥ ከሽጉጥ ይልቅ መጽሐፍ ቢበዛ እመርጣለሁ። ነገር ግን አለማወቅ መሣሪያን ከቤት አያስወጣም፤ ባለቤቱን ብቻ ዕውር ያደርገዋል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሌላው ወድቆ ደሙ በእርሱ ላይ እንዳይሆን በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል። ሕጉ ጣሪያ አትሥራ አላለም፤ ሰው እንዳይወድቅ አድርግ እንጂ። ሽጉጥ በቤቱ ያለው ሰውም መከታው ይህ ሥርዓት ነው።

በቤት ውስጥ የሚጨመረው ጥቂት ነው። ሽጉጡ መጉረሻው ታይቶ ባዶ ሆኖ በአንድ ቦታ፣ ጥይቱ በሌላ ቦታ፣ ሁለቱም በቁልፍ ይቀመጡ። ቁም ሣጥን አናት ላይ ወይም ፍራሽ ሥር ማኖር መደበቅ አይደለም፤ ልጆች የቤታቸውን ጉድጓድ ሁሉ ያውቃሉ። ለልጆችም ሽጉጥ ቢያገኙ ሳይነኩ ሄደው ለትልቅ ሰው እንዲናገሩ ይነገራቸው። እንግዳ ሽጉጡን ላሳያችሁ ሲልም አስቀድሞ ባዶ መሆኑን እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር አይደለም። አዋቂ ሰው ሲጠየቅ ይደሰታል እንጂ አይቆጣም።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች በየበራቸው ያለውን ርክክብ አንድ ቀን ቆመው እንዲመለከቱት፣ የጸጥታ ባለሥልጣኖችም የአወጣጡን ሥርዓት በአንድ ገጽ አሳትመው ፈቃድ ላለው ሁሉ እንዲያድሉ በአክብሮት አሳስባለሁ። አንድ በርሜል አሸዋና አንድ ገጽ ወረቀት ለአንድ ሰው ሕይወት ብዙ ወጪ አይደለም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ